ሦስተኛው ፌርማታ ላይ የቀሩት

በዚያ መስመር የሚመላለስ ሰው ሁሉ ቲኬት ቆራጯን «እታለም» ነው የሚላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአውቶቡሱ የኋላ በር ላይ ቆማ «እታለም፣ ወራጅ አለ!» ስትባል ስለኖረች፣ እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ደመወዝ ክፍሉና አባቷ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል።

አጭር ሴት ናት፤ ድምጿ ግን የቁመቷ እጥፍ ነው። «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ!» ካለች ወፍራሙም ይቀጥናል። ተዘርፍጦ የተቀመጠውን ጎረምሳ በዓይኗ ገረፍ አድርጋ «ተነሣላቸው እንጂ፣ አባትህ ይሆናሉ!» ካለችው ይነሣል። በሩ አጠገብ ያለውን ቆርቆሮ በቁልፏ አንዴ ካንኳኳች ሹፌሩ ይቆማል፤ ሁለቴ ካንኳኳች ይሄዳል። ሰው ሲበዛ የኋላው ስለማይታየው፣ የእሷን እጅ አምኖ ነው የሚነዳው። ይህ ሁሉ ሥልጣን በቁጣዋ የመጣ ይመስላት ነበር። ለካስ ቲኬቱን ስለያዘች ነው።

አባቷ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት የኩላሊት እጥበት አላቸው። ሁለት ሰዓት ላይ ሆስፒታል መድረስ አለባቸው፤ ግማሽ ሰዓት ካረፈዱ ማሽኑ ለሌላ ወረፋ ጠባቂ ይሰጣል፣ እሳቸውም ውሃው በሰውነታቸው እንደተጠራቀመ እስከሚቀጥለው ተራ ይቆያሉ። ስለዚህ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ቆመው የልጃቸውን አውቶቡስ ይጠብቃሉ፣ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ከፍለውም ቲኬት ይቆርጣሉ። «በነፃ ብሄድ አንቺን ነው የሚያሙሽ» ይላሉ።

አንድ ሰሞን የከተማው አውቶቡስ ለሁሉም በነፃ ሆነ ተባለ። ከሰው ሁሉ ይበልጥ የተደሰተችው እሷ ነበረች። «አባባ፣ ከእንግዲህ ማንም አያማንም!» ብላ እየሳቀች አበሠረቻቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ የቲኬት ቦርሳዋን ስታስረክብ እንኳ አልጠረጠረችም። በምትኩ የተሳፈረውን ሰው በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች የምትቆጥርበት ትንሽ መቁጠሪያ ሰጧት።

ሳምንት ሳይሞላ አውቶቡሱ ውስጥ መርፌ መጣያ ጠፋ። ሁለት ፌርማታ በእግሩ ይሄድ የነበረው ተሳፈረ፣ ዝናብ የሸሸው ተሳፈረ፣ ሥራ ፈቶ ከዳር እስከ ዳር የሚንሸራሸረውም ተሳፈረ። ግን ደግሞ ሌሊት ሌሊት ቢሮ የምታጸዳው ሴት ነበረች። አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሯ ትመላለስ የነበረች ናት። «እታለም፣ እግሬ አረፈ፣ ፈጣሪ ይስጣቸው» ስትላት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ታዲያ ማንን ትቆጣ? ሰው ጨመረ፣ አውቶቡስ አልጨመረም። አውቶቡስ ያልጨመሩት አለቆች ደግሞ በአውቶቡስ አይሄዱም። ማታ ማታ የእሷን ቁጥር ተቀብለው «ተሳፋሪው በእጥፍ አደገ» ብለው ይደሰታሉ፤ መቁጠሪያው የተሳፈረውን እንጂ ፌርማታ ላይ የቀረውን አይቆጥርም።

«ተነሣላቸው» ስትልም ሰዉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንዱ ጎረምሳ «ቲኬት የለ፤ ታዲያ አንቺን ምን አገባሽ?» ብሎ አሳቀባት። አባቷ መጀመሪያ ቆመው ሄዱ፤ ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሲወርዱ ጉልበታቸው ከዳቸውና አስፋልቱን በእጃቸው ተደገፉ። እሷም አነሣቻቸውና «ሰኞ ወንበርዎን ይዤ ነው የምመጣው። እርስዎ ብቻ ፌርማታው ላይ ይቁሙ፣ ሌላው የኔ ጉዳይ ነው» አለቻቸው።

ሰኞ እንዳለችውም ሹራቧን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ የተሳፈረ ሰውዬ።

«የታማሚ ነው፣ ወንድሜ።»

«የታሉ ታማሚው?»

«የሚቀጥለው ላይ ይሳፈራሉ።»

«ኧረ ባክሽ! አውቶቡሱ የሁሉም ነው ተብሏል፤ የዘመድ ወንበር ቀርቷል!»

ሰዉ አጉረመረመ። ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ሲሆን ሹራቡን አንሥታ የተቀመጠችው የቢሮ አጽጂዋ ናት። «ይቅርታ እታለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነው ያደርኩት» አለቻት፤ ከንፈሯ ደርቋል። ሌላ ሰው ቢሆን ትጮህበት ነበር። እሷን ግን እንዴት ብላ ታስነሣት?

ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሰው እንደ ጎርፍ ገባ። እታለምን ገፍቶ ከብረቱ ጋር አጣበቃት። «ሞልቷል! ሞልቷል!» ሲባል እጇ እንደ ልማዱ ሁለቴ አንኳኳ። ልቧ ሳይሆን እጇ ነው። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ አባቷን አየቻቸው፤ ዱላቸውን ከፍ አድርገው፣ ዓይናቸውን ዓይኗ ላይ ጥለው።

አንዴ አንኳኳች። «አቁም! ሰው ቀርቷል!»

«እንዳትቆም! ሥራ ረፍዶብናል!» አለ አንዱ፤ በመዳፉም ቆርቆሮውን ሁለቴ ደበደበው። ደግማ አንዴ አንኳኳች። አሁን ሦስት አራት ሰው ሁለት ሁለቴ መታ። ሹፌሩ ምን ያድርግ? የለመደውን ሰምቶ ነዳ። እሷም «ከኋላ ሌላ አለ፣ በእሱ ይደርሳሉ» እያለች ራሷን አጽናናች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ከኋላ ያለውም ሞልቶ እንደሚያልፍ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትገባ አባቷ ኮታቸውን እንደለበሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸው ወልቋል፤ ቢፈልጉም የሚገባላቸው አይመስልም። ተንበርክካ ቁርጭምጭሚታቸውን ጫን ስታደርገው የጣቷ ቦታ እንደጎደጎደ ቀረ።

«አልሄዱም፣ አባባ?»

«በምን በሰዓቱ ልድረስ? ያንቺው ሄደ፣ ከኋላው ያለውም ሳይቆም አለፈኝ። በሦስተኛው ስደርስ ተራዬ ለሌላ ተሰጥቷል። ሐሙስ ና አሉኝ።» ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «አንድ ባለ መኪና እንኳ ቆሞልኝ ነበር። አንቺ እንዳለፍሽ ነው። ‹አባት፣ ሆስፒታል ከሆነ ላድርስዎት› አለኝ።»

«ታዲያስ?»

«‹ልጄ እዚያ ላይ ናት፤ አይታኛለች፣ አሁን እዚህች ጋ ታስቆመዋለች› አልኩታ። አመስግኜ ሸኘሁት።»

ቢሰድቧት በወደደች ነበር። ስለ ግፊያው፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ አጽጂዋ ልትነግራቸው አሰበች፤ ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ግን የእግራቸውን እብጠት አያጎድልም።

«አይተሽኝ ነበር አይደል?» አሉ።

«አይቼዎታለሁ፣ አባባ።»

እግራቸውን ቀስ ብለው ከእጇ አወጡ። «አላየሁም ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።