በሐሰት የቆጠርኩት የዘር ሐረግ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ለማላውቅህ ለአንተ የምናገረው ፊቴን ስለማታየው ይሆናል።

የእኅቴ ልጅ ማኅደርና እናቷ ክሬሰንት ታውን በሚባለው የስደት ሰፈራችን ከእኔ ጋር ይኖሩ ነበር። ማኅደር ዩኒቨርሲቲ የጥንት ግሪኮችን አፈ ታሪክ ትማራለች። አንድ ቅዳሜ ሳሎኑ ወለል ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግታ፣ ከአማልክት ተወለደ የሚባለውን የንጉሥ ታንታለስን ዘር ትስል ነበር፤ ልጁን ፔሎፕስን፣ የልጅ ልጁን አትሬዎስን፣ ከዚያ ወደ ታች በጦርነት ስማቸው የገነነውን ነገሥታት።

«አያትየው ባጠፋው የልጅ ልጆቹ ሁሉ ይከፍላሉ ጋሼ። ፌር አይደለም» አለችኝ።

እኔ የሰማሁት ስለ ትልቅ ዘር ብቻ ነበር። «የእኛም ከእነሱ አያንስም» ብዬ የባላባት አያቶቻችንን ስም እስከ ሰባት ቤት አስጻፍኳት። ከቤተሰቡ ያን ቆጠራ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በዓመቱ ናሆም የሚባል ነርስ ላግባ ብላ አመጣች። ጨዋ ልጅ ነበር። የአያቱን ስምና አገር ስጠይቀው አወቅኋቸው፤ በአባቴ ግቢ እንጨት ይፈልጡ፣ ውሃ ይቀዱ የነበሩት ሰው ናቸው። ናሆም ይህን አያውቅም፤ እኅቴም ያኔ ሕፃን ስለነበረች አታስታውሳቸውም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የቢሮ ወለል እየወለወልኩ የማድር ሰው፣ በእንጨት ፈላጭ የልጅ ልጅ ተደፈርኩ አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው? ምንም አልነካኝም። ትዕቢት ነው።

ይህን ግን አልተነፈስኩም። ማኅደርንና እናቷን አስቀምጬ፣ «የናሆም ቅድመ አያትና የእኔ አያት ወንድማማቾች ናቸው። ሰባት ቤት አልሞላም፤ ቤተ ክርስቲያን አታጋባችሁም» አልኩ። ዋሸሁ። ሁለት ቀን አስቤበት ዋሸሁ።

ማኅደር «እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ።

«ልቁጠርልሽ» አልኩ። የፈጠርኩትን ስም ከእውነተኞቹ መሀል እየሰካሁ ቆጠርኩላት። የናሆም አባት ልጅ ሳለ ሞተውበታል፤ የሚያስተባብለኝ አልነበረም። እኅቴ ሳይረፍድ ታወቀ ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

ናሆም ቫንኩቨር ሄዶ አገባ፤ ሦስት ልጆች ወልዷል አሉ። እኅቴ ውሸቴን እንዳመነች ሞተች። ማኅደር አላገባችም። አርባ ሁለት ዓመት ሞላት።

አሁን ኩላሊቴ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ደሜ በማሽን ይታጠባል፤ የምታመላልሰኝ እሷ ናት። ባለፈው ጥር መኪና ውስጥ ልነግራት ቆርጬ «ማኅደር፣ የናሆም ነገር…» ስል አቋረጠችኝ።

«ይተዉት ጋሼ። በጊዜ ባይነግሩን ምን ዓይነት ኃጢአት ውስጥ እንገባ ነበር? ሁሌም አመሰግንዎታለሁ» አለችና ቀበቶዬን አሰረችልኝ።

ዝም አልኩ። ለእሷ አዝኜ ነው ልበል? አይደለም። የሚያመላልሰኝ እንዳላጣ ፈርቼ ነው።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ማለት የምትችለው አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ልትወስደኝ ትመጣለች፤ እኔም አልነግራትም።