ማሽኑ ያላነበበው ጎን

ናዝሬት ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ስካነር ላይ እሠራ ነበር። ስካነር ሲባል ዛሬ ሰው የሚያውቀው ክዳኑን ከፍተው ወረቀት የሚያስተኙበትን ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። የእኔው ሌላ ነው። እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ወፍራም የፕላስቲክ ሲሊንደር አለው። ፎቶውን ሲሊንደሩ ላይ ትጠቀልላለህ፤ ስስ ላስቲክ ትደርብበታለህ፤ ጠርዙን በፕላስተር ታሽጋለህ። ከዚያ ሲሊንደሩ መሽከርከር ይጀምራል፤ ፍጥነቱን ዓይን አይችለውም። የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ፎቶው ላይ ታርፋለች። ማሽኑም ከዚያች ነጥብ የሚመለሰውን ብርሃን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርጎ ይለይና ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። አንድ ዙር አንድ መስመር ነው። እንዲህ መስመር በመስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ፎቶውን ያነበዋል። ቀርፋፋ ነው፤ ግን የሸሚዝ ክር ሳይቀር ያሳይሃል። አሠሪያችን አሮጌውን ከአዲስ አበባ ገዝቶ ሲያመጣው ሰው ሁሉ ሳቀበት። እኔ ግን ኮራሁበት፤ ሳላበዛውም አልቀረሁም።

አክስቴ ፎቶዋን ይዛ የመጣችው በዚያ በኩራቴ ዘመን ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ልጃቸው ገና ጡት ሳትጥል፣ መተሐራን አለፍ እንዳለ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። መንጃ ፈቃዱም መታወቂያውም እዚያው ከመኪናው ጋር ነደዱ። የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እንደተጋቡ ቢሾፍቱ ስቱዲዮ ገብተው የተነሡት። ከጀርባቸው ሸራ ላይ የተሳለ ሐይቅ አለ። እውነተኛው ሐይቅ በእግር የሚደረስ ሆኖ ሳለ ለተሳለው መክፈላቸው ሁልጊዜ ያስቀኝ ነበር። አክስቴ በግራ ተቀምጣለች፤ እሱ በቀኝ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጓል።

ፎቶው መሰነጣጠቅ ስለጀመረ በትልቁ ታትሞ ሳሎኗ እንዲሰቀል ፈለገች። ልጅቷ አባቷን የምታውቀው በዚህ ብቻ ነው። ያን ቀን አብራት መጥታ ነበርና ስልኳን አውጥታ ፎቶውን ልታነሣው ስትል፣

“ተይው ባክሽ! በስልክ የተነሣ ሲጎላ ፊት አይደለም፣ ሽሮ ነው የሚሆነው” አልኳት።

ሳቀችና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ምነው ያን ቀን አፌን በቆረጠው።

ሁለቱን ውጭ አስቀምጬ ሥራዬን ጀመርኩ። ማሽኑ ከዋናው ንባብ በፊት ለአቀማመጡ ማያ ያህል አንዴ ፈጠን ብሎ ያነባል፤ ያኛው ዲስክ ላይ አይቀመጥም። እዚያ ላይ የአክስቴን ባል ሙሉውን አየሁት፤ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ሳቁን አፍኖ። ቦታውን አስተካክዬ ዋናውን አስጀመርኩ። ማሽን ክፍል እንግዳ አይገባም፤ ግን አክስት እንግዳ ናት እንዴ? በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼው ነበር። “አለቀ ወይ?” እያለች ገባች። ሲሊንደሩ ላይ ማን እየተሽከረከረ እንደሆነ ወዲያው ገባት።

“ዺሲ! ተው!” ብላ ጮኸች። ሲጨንቃት ኦሮምኛዋ ይቀድማል። “አንዴ ተገልብጧል! አይበቃውም? አውርድልኝ!”

“አክስቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ፣ እየጨረስኩ ነው…”

“አውርደው አልኩህ!”

አጠፋሁት። ምን ላድርግ? እንባዋ ይወርዳል። ፎቶውን ፈትቼ ስሰጣት በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያዘችው። ረጋ ስትል አፈረች መሰለኝ፣ “ከፋሲካ በኋላ አመጣልሃለሁ፤ እኔ በሌለሁበት ትሠራዋለህ” አለችኝ።

ፋሲካ አለፈ፤ አላመጣችውም። እኔም ያን ለቅሶ ዳግም መቀስቀስ ፈርቼ አልጎተጎትኳትም። በኋላ ማሽኑ ብርሃን የሚያነብበት አንድ ቱቦ ተቃጠለ፤ መለዋወጫ ታጣለት፤ ማተሚያ ቤቱም ወደ ባነር ሥራ ዞረ። ፎቶው ደህና ቦታ ነው ብለን ሁላችንም ተውነው። አንድ ክረምት ግን ከከተማው ዳር ተራራ የወረደ ጎርፍ አክስቴ ቤት ገባ። ፎቶው ከነፍሬሙ አልጋ ሥር ሣጥን ውስጥ ነበር። መስተዋቱ ላይ ተጣብቆ አገኙት፤ ልጅቷ ልታላቅቀው ስትሞክር ቀለሙ በጣቷ ተፋቀ። አሁን ዘመድ ቤት በገባሁ ቁጥር ግድግዳ ላይ ያገኘሁትን ፎቶ ሁሉ በስልኬ አነሣለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

ዘንድሮ ልጅቷ ልታገባ ነው። አባቷ አዳራሹ መግቢያ ላይ በትልቁ እንዲቆምላት ትፈልጋለች። አክስቴ ደወለችልኝ። “ያን ቀን ማሽንህ ያነበበው የለም?” አለችኝ። አሮጌውን ዲስክ ፈልጌ አገኘሁት። ማሽኑ እስከቆመበት ድረስ ያለውን አስቀምጦታል። የት ላይ እንደቆመ በስልክ ልነግራት አልቻልኩም፤ ሁለታችሁም ኑ አልኳቸው።

ስክሪኑ ላይ ከፈትኩላቸው። አክስቴ ሙሉ አለች፤ ልጅ ናት፣ ታምራለች። የተሳለው ሐይቅ ግማሹ አለ። ትከሻዋ ላይ የወንድ እጅ እስከ አንጓው አለ። ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። እጁን አጎላሁት። ማሽኔ እውነትም ደህና ማሽን ነበር፤ ለፎቶ ብሎ ፈትጎ ታጥቦ እንኳ ጥፍሩ ሥር የቀረው ግሪስ ይታያል። ልጅቷ አውራ ጣቷን ስክሪኑ አጠገብ አስጠጋች። እንደዚያው ሰፊና አጭር ነው።

“እማ፣ ጣቴ የሱ ነው ለካ” አለች።

አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች፤ ነጩ ጋ ደርሳ ቆየች።

“እስቲ ትንሽ ወደዚያ ግፋልኝ፣ ልጄ” አለችኝ።

ምንም እንደሌለ እያወቅሁ ገፋሁላት።