የብዙአየሁ ጓጉንቸር

ብዙአየሁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጓጉንቸሩን ከነኩበት ግን አያድርስ ነው። ሀዋሳ ውስጥ፣ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሽን ሲጠግን ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። በወጣትነቱ ሌላ ቦታ ሲሠራ ጓደኛው ዮሴፍ ማሽን ውስጥ እጁን ከትቶ ሲያስተካክል፣ አንዱ ቀልቃላ ከውጭ አስነሳበት። ዮሴፍ ዛሬ ሐይቅ ዳር በአንድ እጁ ዓሣ ይሸጣል። ከዚያ ወዲህ ብዙአየሁ ማሽን ከመንካቱ በፊት የማሽኑን ኤሌክትሪክ አጥፍቶ ማጥፊያው ላይ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም።

አለቆቹ ታዲያ ጸሎቱ ይበቃናል ባዮች ናቸው። የፈረቃው ኃላፊ አልአዛር በየጠዋቱ ሠራተኛውን ክብ አቁሞ ጌታ ከአደጋ እንዲጠብቃቸው ይጸልያል። ደግ ነው፤ ብዙአየሁም አማኝ ነው፣ ከልቡ አሜን ይላል። ለእያንዳንዱ ጠጋኝ የየራሱ ጓጉንቸር ይገዛ ሲል ግን አልአዛር እምነት አነሰህ ወይ ብሎ ይስቅበታል። እምነት! ጌታ ጭንቅላት የሰጠን ለኮፍያ መስቀያ ነው እንዴ?

ባለፈው ሰኞ ትልቁ የጨርቅ ማድረቂያ ቆመ። ብዙአየሁ ቆለፈና ሳያት የምትባል ወጣት ቴክኒሽያን ጨርቁን የሚያሽከረክረው ትልቅ ከበሮ ውስጥ ገባች። የራሷ ጓጉንቸር የላትም፤ የእሱ ለሁለታቸውም ይበቃል ተባብለው ነበር። እሱ መለዋወጫ ሊያመጣ ዕቃ ቤት ሄደ። አልአዛር ብዙአየሁን ዕቃ ቤት ቆሞ ሲያየው ጥገናው ያለቀ መሰለው። ጭነት ቸኩሏል፤ ቁልፍ ማን ይጠይቃል? ብረት መቁረጫ አስመጥቶ ጓጉንቸሩን ቆረጠው።

ብዙአየሁ ሲመለስ የአልአዛር እጅ ማብሪያው ላይ ነው። ኮሌታውን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው።

“ልጅቷ ውስጥ ናት!”

ሳያት ከበሮው ውስጥ መዝሙር እያንጎራጎረች ብሎን ትፈታለች። ሞት ደጇ ላይ ቆሞ እንደነበር የሰማችው ከወጣች በኋላ ነው።

አልአዛር ይቅርታ ጠየቀ ብላችሁ ነው? ወግ ነው! ብዙአየሁ አለቃ ደፈረ ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ያው አልአዛር ክቡን አቁሞ፣ እህታችንን ከሞት አፍ ስላወጣህ ተመስገን እያለ ይጸልይ ጀመር። ብዙአየሁ አላስጨረሰውም። የተቆረጠውን ጓጉንቸር ከኪሱ አውጥቶ ክቡ መሃል ወረወረው።

“ያዳናትን እናመስግን፤ የቆረጠውም ቆርጫለሁ ይበል” አለ።

አሜን ያለ የለም። አልአዛር ዓይኑን ከጓጉንቸሩ ላይ አልነቀለም።

ሳያት ከክቡ ወጥታ ወደ ማድረቂያው ሄደች። ጥገናው ገና አላለቀም። ሰኞ ማታ ወደ ቤቷ ስትገባ የገዛችውን አዲስ ጓጉንቸር ማጥፊያው ላይ ቆለፈች፤ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አስራ ልብሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ቆመች።

“አሁን ይጸልዩ” አለችው አልአዛርን።