የመቲን መርዶ ማን ይንገር

በሳዑዲ ዐረቢያ፣ በደማምና በኸበር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች የሻረግን ሲያዩ ለመደንገጥ በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ መርዶ ነጋሪ ናት። ማንም አልሾማትም። በ2006 ዓ.ም. አንዲት የሰፈሯ ልጅ ሸሚዝ ስትተኩስ የእናቷን ሞት በስልክ ሰምታ ካውያውን እጇ ላይ ጣለችው። የሻረግ ሆስፒታል ሄዳ ያንን በፋሻ የታሸገ እጅ አየችና፣ "እኛ ከብት ነን እንዴ? ሰው እንዲህ ይረዳል?" ብላ ተቆጣች። በአገራችን ደንብ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውም እህል ቀምሶ ነው። ከዚያ ወዲህ አገር ቤት ሰው የሞተባት ልጅ ካለች፣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚደውለው ለየሻረግ ሆነ።

ብልሃቷ ደግሞ ያስደንቃል። መምጣቷ ራሱ መርዶ እንዳይሆን በደህናው ቀን ትዞራለች። አርብ ሲደርስ የወሎው አብዱሽኩር አል መዝሩዒያ ሰፈር ካለው የአሠሪዎቿ ቤት በመኪናው ያነሳታል። ለአንዷ በርበሬ ታቀብላለች፣ ከሌላዋ ጋር በር ላይ ቆማ ታወጋለች፣ የሦስተኛዋን ማዳም ልጆች በዐረብኛ ታስቃለች። ስለዚህ በክፉው ቀን ስትመጣ ማንም አይቷት አይጮኽም። አማራ ኦሮሞ ብላ አትለይም፤ ክርስቲያኗን "እግዜር ያጥናሽ"፣ ሙስሊሟን "አላህ ሰብሩን ይስጥሽ" ትላለች። በዚያ በረሃ አገር የሚባለውን ነገር ይዛ ያቆመች እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ዓለሙ ሁሉ "መጀመሪያ እኛ!" የሚልበት ዘመን መጣ። የማዳሟ ቴሌቪዥን ጠዋት ማታ የሚለፈልፈው ይህንኑ ነው፤ ፈረንጁ አጥር ልጠር ይላል፤ ደማምም ውስጥ ሱቁ ለአገሬው ልጅ ይለቀቅ ተብሎ ስንቱ ሐበሻ ከቆመበት ተነሳ። "ሂዱልን" መባልን የቀመሰ ሰው ሌላውን "ሂድልኝ" አይልም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የኛ ሰው ግን በየስልኩ ውስጥ አንድ አንድ ጯኺ ሾመ። ጯኺው ባሕር ማዶ ሞቅ ካለ ቤት ተቀምጦ "ወገኔ ተነስ!" ይላል፤ እዚህ ሽንት ቤት ስታጥብ የዋለችው ልጅ ትነሳለች። በዚህ ዓይነት ለዓመታት አብሮ ያለቀሰ የሐበሻው እድር በ2011 መግቢያ ላይ በዘር ተከፋፈለ።

የአማራ የተባለው እድር ሰብሳቢ ወንድምአገኝ ለየሻረግ ደወለላት።

"እትዬ፣ ከእንግዲህ የኛን ብቻ ነው የምትጠይቂው።"

"እንባም ዘር አወጣ?"

"አትድከሚ፣ እነሱም አንቺን አይፈልጉሽም።"

ይህኛው እውነት ነበር። ከወዲያ፣ ከኦሮሞዎቹ በኩልም "አትምጣብን" ተብላለች። እልኸኛ ናት፤ ግን ያልፈለጋትን ደጅ መርገጥ አትወድም። አርብ አርብ ቤት መዋል ጀመረች።

ወራት አለፉ። አንድ ማክሰኞ ማለዳ ስልኳን ስትከፍት የገለታን ፎቶ አየች። ገለታ የመቲ ወንድም ነው። መቲ ኸበር የምትሠራ የአምቦ ልጅ ናት፤ የሻረግ እንደ ታናሽ እህቷ ነበር የምታያት። ገለታ አገር ቤት ሚኒባሱን ሲነዳ መንገድ ላይ ግርግር ተነስቶ ተገድሏል። ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ፌስቡክ ግን በሰዓቱ አውቆ ነበር። በደም የተነከረው ፎቶ ሥር "የአማራ እጅ ነው፤ ደማችንን እንመልስ!" ተብሎ ተጽፏል።

የመቲ ማዳም ስልኳን ጠዋት ትወስድና የምሳ ዕቃ ታጥቦ ሲያልቅ ትመልስላታለች። የሻረግ ይህን ታውቃለች። እስከዚያ ሰው ካልደረሰ፣ መቲ የወንድሟን ሬሳ ከነመርዙ ብቻዋን ታየዋለች።

የሻረግ ማዳሟን አስፈቅዳ የአብዱሽኩር መኪና ውስጥ ገባች። መጀመሪያ ያስነዳችው ግን ወደ አል ባዲያ ነው፤ የኦሮሞዎቹ እድር ሰብሳቢ ጎበና እዚያ ብየዳ ይሠራል።

"አርብ ተሰብስበን ልንነግራት ወስነናል" አላት።

"ስልኳስ እስከ አርብ ይታገሣል?"

ጎበና የያዘውን ብረት መሬት አኖረ። "አንቺ ግን አትሂጂ። መርዶዋን አማራ ነገራት ቢባል ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ያለህን ትችለዋለህ። እኔም እኮ ፈርቻለሁ፣ ጎበና! ስንት ወር ሙሉ ቀርቼ ዛሬ ብቅ ስል፣ ገና አፌን ሳልከፍት በር ላይ ትወድቅብኛለች። አንተ ቅደምልኝ፤ እኔ ከኋላህ እሆናለሁ።"

ጎበና የብየዳ መነጽሩን አውልቆ መኪናው ውስጥ ገባ።

ኸበር ሲደርሱ የሻረግ የመቲን ማዳም ለብቻዋ አስጠራች። "ማዳም፣ ወንድሟ ሞቷል። ስልኳን ዛሬ አትስጫት" አለቻት። ሴትዮዋ "ኢና ሊላህ!" ብላ አፏን ያዘች፤ ግቢው ውስጥ ያለውን የሾፌር ክፍል ከፍታላቸው መቲን "እንግዳ አለሽ" ብላ ላከቻት።

መቲ እጇ እንደረጠበ ብቅ አለች። መጀመሪያ ጎበናን አላየችውም። የሻረግን አየች፤ አልወደቀችም። በደስታ ጮኸች እንጂ።

"እትዬ! መጣሽ? እኔ እኮ ኸላስ፣ ዘሬ አስጠልቷት ቀረች ብዬ አልቅሼልሻለሁ! ጎበናም አብሮሽ? ታረቃችሁ ማለት ነው?"

አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሮጣ ሄዳ ዳቦና ፉል አመጣች፤ ቆማ አጎረሰቻቸው፣ እሷም በላች፣ "እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም" አለች። ደንቡ ሐዘንተኛ እህል ይቅመስ ይላል። ነጋሪው ያንን ጉርሻ እንዴት እንደሚውጠው ግን አይናገርም። የሻረግ ዋጠችው።

ጎበና ስሟን ጠርቶ ጀመረና ወደ የሻረግ ዞረ። ያኔ የሻረግ የመቲን ሁለት እጆች ያዘች።

"መቲዬ፣ ገለታ ወንድምሽ መንገድ ላይ በተነሳ ግርግር አርፏል።"

መቲ ጮኸች። "ማን ነው? ማን ገደለው?"

"አላውቅም፣ እህቴ። አውቃለሁ የሚልሽን ሁሉ ዛሬ አትስሚ።"

መቲ የሻረግን ደረት በቡጢ ትደልቅ ጀመር። ጎበና ሊይዛት ተነሳ፤ የሻረግ በዓይኗ መለሰችው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አላለችም። ልጅቷ እስኪደክማት መታች፤ ሲደክማት እቅፏ ውስጥ ወደቀች።

ትንሽ ቆይቶ የጎበና ስልክ ጮኸ። ከአምቦ፣ የመቲ እናት ናቸው። በኦሮምኛ፣ "ልጄ ሰማች? ብቻዋን ናት ወይ?" ብለው ጠየቁት። ጎበና የሻረግን አያት። ስሟን ቢናገር የማን ወገን እንደሆነች ሴትዮዋ ወዲያው እንደሚገባቸው ያውቃል። ልጃቸውን ማን ገደለው እንደተባለም ሰምተዋል።

"ብቻዋን አይደለችም፣ እማማ" አለ በመጨረሻ። "የሻረግ የምትባል ሴት አቅፋታለች።"

ከወዲያ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ። ጎበና ሰምቶ ሲጨርስ ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

"ምን አሉ?" አለች የሻረግ።

"'ተመስገን፤ ልጄን ሰው ይዞልኛል' አሉ።"

የሻረግ ከማለዳ ጀምሮ ያፈነችውን እንባ ያኔ ለቀቀችው።