ሁለት ካልሲ

«መቼ ጀመረሽ?» ብሎ ጠየቀኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው። የዋግ በሽታ በየትኛው የስንዴ ማሳ ላይ በየትኛው ቀን እንደታየ ከደብተሬ አውጥቼ መናገር እችላለሁ። የገዛ ተረከዜ መውጋት የጀመረበትን ጠዋት ግን አልጻፍኩም።

ሥራዬ በሳጉሬ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች እየዞሩ ሰብል ማየትና ገበሬ ማማከር ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ስለነበር፣ ሥራ የያዝኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ነው። በተመደብን ቀን ኃላፊያችን «ይህ ሥራ እግር ይፈልጋል። እግር የሌለው ቢሮ ቁጭ ብሎ ሪፖርት ይጠርዛል» አለ። ለሁላችንም ነበር የተናገረው፤ እኔ ግን ለራሴ ወሰድኩት።

ሕመሙ የራሱ ጠባይ ነበረው። ከአልጋ ወርጄ መጀመሪያ ስረግጥ ምስማር ነው። ጥቂት ስራመድ ይለቀኛል፤ ማሳ ለማሳ ውዬ፣ አረፍ ብዬ ስነሳ ደግሞ እንደ አዲስ። ስለዚህ ስብሰባ ሲያልቅ ወረቀት የምሰበስብ መስዬ እቆያለሁ። ሁሉም ከወጣ በኋላ ግድግዳ ይዤ እነሳለሁ። ታታሪ ናት ተባልኩ።

እኛ ዘንድ ጠዋት የሚብስ ሕመም ሁሉ ስሙ ብርድ ነው። እኔም ብርድ ነው ብዬ የሱፍ ካልሲ ደረብኩ። በሁለት ካልሲ ቦት ጫማዬ አልገባ ሲለኝ፣ ሶሉ ያለቀ ሰፊ ሸራ ጫማ አደረግኩ። እግሬ ሞቀው፤ የመንገዱን ጠጠር ግን አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር።

አንድ ቀን፣ ገብሳቸውን አይቼ ድንበሩ ላይ ካረፍኩበት ስነሳ ባለማሳው ሽማግሌ አዩኝ።

«ልጄ፣ ፈረስ ብትሆኚ ገበያ አላወጣሽም ነበር።»

«ለምን፣ ሐጂ?»

«ገዢ መጀመሪያ የሚያየው አነሳሱን ነዋ!» ሳቁ። «እንዲህ የሚያነክሰውን አሳርፈዋለሁ እንጂ ካልሲ አላለብሰውም።»

በሳምንቱ አሰላ ሄድኩ። ባለሙያው ተረከዜን ከውስጥ በኩል በአውራ ጣቱ ሲጫነው ከወንበሩ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው ጅማት ተቆጥቷል አለኝ። ከአልጋ ሳልወርድ የእግሬን ጣቶች ወደ ራሴ እንድስብ፣ ግድግዳ ገፍቼ ባቴን እንዳፍታታ፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ እንዳደርግ አዘዘኝ። ተራ ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩ። የመጨረሻው «ለስድስት ሳምንት መንገድ ቀንሺ» የሚል ነበር። እሱን አልጻፍኩም።

ሦስት ሳምንት የጻፍኩትን በሙሉ፣ አንድም ጠዋት ሳላጓድል ሠራሁ። ምስማሩ ከቦታው አልተነቃነቀም።

አንድ ሰኞ የቀበሌ ድልድል ተነበበ፤ በዲክሲስ በኩል ያለው ሩቁ ቀበሌ ለእኔ ደረሰ። ስብሰባው ሲያበቃ ወረቀት አልሰበሰብኩም። ከሁሉም ቀድሜ ተነስቼ፣ እያነከስኩ፣ ኃላፊው ጠረጴዛ ድረስ ሄድኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ተረከዜን ያመኛል። ከጀመረኝ ቆይቷል። ለስድስት ሳምንት ሩቁን ቀበሌ አልችልም።»

ጎንበስ ብሎ እግሬን አየ። «ብርድ ነው። ካልሲ ደርቢ።»

«አይደለም» አልኩት።

ድልድሉን ወደ ራሱ ስቦ ስሜን ሰረዘና የሌላ ሰው ስም አስገባ። አጠገቡ ቆሜ እጁን አየሁ። አዲሱን ስም በእርሳስ ነበር የጻፈው፤ ስድስት ሳምንቱ ሲያልፍ የሚጠፋ።