የሰይድ እግር

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መርሳ ውስጥ ሰይድ የሚባል፣ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ አከርካሪው የተጎዳ ታካሚ አለኝ። ቤቱ ሄጄ ጡንቻ የሚያነቃቃውን የኤሌክትሪክ ማሽን ጭኑ ላይ ሳስርለት እግሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሳጠፋው እንጨት ነው።

ሰይድን ከሕመሙ በላይ የሚያሳፍረው በትልቅ ሰው ፊት እግር ዘርግቶ መቀመጡ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ በገባ ቁጥር ሚስቱ ዘይነብ ሮጣ በእጇ ትሰበስብለታለች።

ባለፈው መብራት ሄደና ማሽኑ ቀጥ አለ። እያጉረመረምኩ ገመዱን ስጠቀልል አጎቱ ሼህ ይመር ሊጠይቁት ከውርጌሳ መጥተው ገቡ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ነህ ልጄ?»

ዞር ስል እግሩ ተሰብስቧል።

«ፈጣን ነሽ፤ ሰበሰብሽለት?» አልኳት ዘይነብን።

ዘይነብ ትሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀርታለች።

«እኔ አልነካሁትም» አለች።