«ሆድሽ ተሻለሽ?»

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሳሮን መኪናዋን እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ፌርፋክስ ላይ ፓርክ አድርጋ ምሳ ጋበዘችኝ። እየበላን፣ ከትምህርት ቤት አንብቡ የተባሉትን የድሮ የአሜሪካ ልብወለድ በአማርኛ ታወራልኝ ጀመር። አንድ ነጭ ልጅና ከባርነት ያመለጠ ጥቁር ሰው አብረው ይሸሻሉ፤ አብረው ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሰው ፊት ግን ልጁ ያንኑ ሰው በስድብ ስም ይጠራዋል።

«ሶ እማማ፣ ጓደኛው ነው አይደል? ኤሴይ ልጽፍበት ነው።»

ያነሳሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ይህን ታሪክ ግን አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ጥሩዬ የምትባል የሸክላ ሠሪ ልጅ ጓደኛ ነበረችኝ። የቤታችን እንስራ፣ ድስቱ፣ ዋንጫው ሁሉ የእናቷ እጅ ሥራ ነው። ጥሩዬ ውሃ ስትጠይቅ ግን በእፍኟ ነበር የሚፈስላት። ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ እየተባለ፣ እናቷ በሠራችው ዋንጫ መጠጣት ክልክል! ዛሬ ሳስበው ያንገሸግሸኛል። ያኔ ማን ልብ ብሎት።

ጥቅምት ላይ፣ የባቄላ እሸት ሲደርስ፣ ሁለታችን ከገበያ ስንመለስ የጎረቤት ማሳ ገባን። የሰረቅነውን በቀሚሴ ይዤ ጥሬውን በላን። ያ እርጥብ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

«ይበቃሻል፣ አንቺ ሆዳም!» እያለች ጥሩዬ ትስቅብኛለች።

ቤት እንደገባሁ ሆዴ ተነፍቶ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አባቴ አፍንጫዬ ስር ጨርቅ እያጨሰ፣ ቡዳ ለበላው ሰው እንደሚደረገው፣ «ማን ነው የበላሽ? ስሙን ጥሪ!» ይለኛል። የቆረጠኝ እሸቱ መሆኑን አውቃለሁ። ሰረቅኩ ብል ደግሞ አለንጋው አለ።

«ጥሩዬ» አልኩ።

በማግስቱ የሰፈሩ ጎረምሶች የእናቷን ሸክላ እንክትክት አደረጉት። በሳምንቱ ቤተሰቡ አገር ለቆ ሲሄድ መንገድ ላይ ተገናኘን። ጥሩዬ የተረፈችውን አንዲት ማሰሮ አዝላ ጠጋ አለችኝ።

«ሆድሽ ተሻለሽ?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ሰው ያየናል። ከዓይኗ የምሸሽ መስዬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እስከ ዛሬ ራሴን እንደዚያች ቅጽበት የተጸየፍኩበት ጊዜ የለም።

«እማማ፣ እየሰማሽኝ ነው?» አለች ሳሮን።

«ልጁን ከጠየቅሽው፣ ጓደኛዬ ነው ይልሻል» አልኳት። «እኔም እል ነበር። አንቺ ሰውዬውን ጠይቂው።»

እሷ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ስታወጣ፣ እኔ የጥሩዬን ስም እንደገና ጠራሁት፤ ጭስም አለንጋም በሌለበት።